ባሏ የጠፋባት ሴት አትወፍርም

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ቀሚሴ ከብብቴ እስከ ወገቤ ተተረተረ። ያውም አሥረኛ ክፍል ቆሜ፣ ሰሌዳው ላይ ኩላሊት ስስል። እጄን ወደ ላይ ሳነሳ ጠርር አለ፤ የኋላ ረድፍ ያሉት ሳይቀሩ ሰሙት። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ትምህርቱን ጨረስኩ። አንድም ተማሪ አልሳቀም። የበለጠ ያናደደኝ እሱ ነው። ቢስቁ እቆጣ ነበር፤ ዝም ሲሉ ምን ይባላል?

ከጥቅምት ወዲህ የሚገባኝ ልብስ አለቀ። ቀለበቴ አይወጣም። ጫማዬን ለማሰር ሳጎነብስ ትንፋሽ ያጥረኛል። ጾም ነው፤ ሥጋም ቅቤም ቤቴ ከገባ ቆየ። ታዲያ ከየት ነው የሚመጣው?

መምህራን ማረፊያ ስገባ ባልደረባዬ ሙሉ፣ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። ሒሳብ ነው የምታስተምረው፤ ቤቷም ከቤቴ አጠገብ ነው። "አስካል፣ ተመችቶሻል እኮ! ፊትሽ ጨረቃ መሰለ" አለች። በፍቅር ነው ያለችው። በእኛ አገር ወፈርሽ ማለት ምርቃት ነው፤ ቤትሽ ሞላ፣ ሆድሽ ሰላም አገኘ እንደ ማለት። "አሜን" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

አልተመቸኝም። እዚህ እንኳ ልጻፈው። ባሌ ጌታሁን በጥቅምት መጀመሪያ የነጋዴውን የአቶ ሰይድን ዕቃ በአይሱዙ ጭኖ ወደ ዓለም ከተማ ሄደ። የጀማን ቁልቁለት ሊወርድ ሲል ደወለልኝ። "ፍሬኑን አሳይቻለሁ፣ ደህና ነው፣ አትጨነቂ" አለ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ የዚያ አገር ስልክም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የባሌን ድምፅ አልሰማሁም። ተኩስ ነበር ይላሉ። መኪኖች ተይዘው ቆመዋል ይላሉ። ገደል የገባ አለ የሚልም አለ። ሁሉም ሌላ ሰው ነገረኝ ነው የሚለው፤ ዐይቻለሁ የሚል የለም።

ዛሬ የበላሁት፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም። ከዚያ ሽሮ በሁለት እንጀራ። ከዚያ ዳቦ። ከዚያ ልጄ ቤዛ ያስተረፈችው ቆሎ። ከዚያ ሻይ፣ ስኳሩን ማንኪያ ላይ ቆልዬ ቆልዬ። እያየችኝ ነበር። አልራበኝም ነበር። በልቼም አልጠገብኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነገ ነገ እያልኩ ነበር፤ የቀሚሱ ነገር ነው የወሰደኝ።

የደም ግፊቴ ከፍ ብሏል። ስኳር የለብኝም። እርጉዝም አይደለሁም። ሲስተሯ "እንደው ምርመራውን እናድርገው" ስትለኝ ሳቄ መጣ፤ ከማን?

ሲስተሯ ተማሪዬ ነበረች። አሁን ነጭ ጋውን ለብሳ ትጠይቀኛለች።

"ቲቸር፣ የሚወስዱት ኪኒን አለ? ለመገጣጠሚያ፣ ለአስም፣ ወይም የሚቀቡት ነገር?"

"የለም።"

"እንቅልፍስ?"

"እተኛለሁ።" (ውሸት።)

"የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ?"

"በዚህ ዘመን የማይጨነቅ ማን አለ?"

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ ስለ ኮርቲሶል ትነግረኝ ጀመር። ልጄ ሆይ፣ እኔ እኮ ነኝ ያስተማርኩሽ! ትናንት ቀሚሴ የተቀደደው እሷኑ ዕጢ ስስል ነው፤ ኩላሊት ላይ ቆብ መስላ የተቀመጠችውን። አደጋ ሲመጣ ዕጢዋ ሆርሞኑን ትለቃለች፤ ሰውነትም ስኳሩን ወደ ደም ያወጣል፣ ለመሮጥ ወይም ለመታገል። አደጋው ካለፈ ትረጋለች። ካላለፈ ግን ሥራዋን አታቆምም። ምግብ አምጪ ትላለች፣ ጣፋጭ አምጪ ትላለች፤ የመጣውንም ሆድ ላይ ታስቀምጣለች። እንቅልፍ ትነሳለች፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ይብስ ይርበዋል። ይህን በየዓመቱ እጽፋለሁ፣ በየዓመቱ ፈተና አወጣበታለሁ። ራሴ ላይ ሲደርስ ግን ሽሮው ላይ አሳበብኩ።

ያዘዘችኝ፦
ከትምህርት በኋላ በየቀኑ በእግር መሄድ።
ስኳር መቀነስ። ከሰዓት በኋላ ቡና አለመጠጣት።
ጾሙን ስፈታ ባንዴ አለመጫን።
በጊዜ መተኛት።
ቁጭ ብሎ ዐይን ጨፍኖ ቀስ ብሎ መተንፈስ።
ለሰው መናገር።

የመጨረሻውን ስትል "እሺ" ብዬ ተነሳሁ። ለማን ነው የምናገረው? ለቤዛ? ልጅቷ የራሷ ይበቃታል። ሆድ ይፍጀው ብዬ የተውኩትን ሁሉ ሆዴ እያጠራቀመው ነው፤ ይኸው ነው ነገሩ።

ሁለት ሳምንት ቆይተው ግፊቱን ያሳዩ ብላኛለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

እማማ ትርንጎ መጡ። የጌታሁን እናት። ከጓሳ ሥር ካለው መንደራቸው እስከ መኪና መንገድ በእግር፣ ከዚያ እዚህ ቀየት ድረስ ቆመው በሚኒባስ። ለልጃቸው በሶ ይዘዋል። "ሲመጣ ይበላዋል" ብለው ለቤዛ ሰጧት። እኔ እጄን ዘርግቼ ነበር።

እንዴት ከስተዋል! ጠቁረዋል። መቀነታቸው ዞሮ ዞሮ አላልቅ ብሏል። ጉንጫቸው ገብቶ ጥርሳቸው ብቻ ቀርቷል። ሳያቸው ላቅፋቸው ተጠጋሁ።

አልሳሙኝም። ማለቴ ሳሙኝ፣ ግን ትከሻዬን ይዘው አራቁኝና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ፊቴን፣ አንገቴን፣ ሆዴን። ሆዴ ላይ ቆዩ።

"ተመችቶሻል፣ ልጄ" አሉ፣ በቀስታ።

የሙሉ ተመችቶሻል ሌላ፣ የእማማ ሌላ። የፈላ ውኃ ያፈሰሱብኝ ያህል ተሰማኝ። በእኛ ዘንድ ያዘነች ሴት ትከሳለች፣ ትጠቁራለች፣ ጠጉሯን አትሠራም። ሐዘን የሚታየው አጥንት ላይ ነው። እኔ ደግሞ ይኸው ጉንጬ ወጥቶ ቆሜያለሁ።

"ጾም እኮ ነው፣ እማማ" አልኩ። የማይረባ መልስ።

"አዎ፣ ጾም ነው" አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ራት አልበሉም። ደክሞኛል አሉ። እኔ በላሁ፤ እያዩኝ ነው የበላሁት። እያንዳንዱን ጉርሻ አብረውኝ የዋጡት ይመስላል። ባልበላስ ይሻላቸው ነበር? ተናደድኩና አንድ እንጀራ ጨመርኩ። ሞኝ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ዛሬ መራመድ ጀመርኩ። ከትምህርት እንደወጣሁ ከከተማው ጫፍ እስካለው ጉብታ ሄጄ ተመለስኩ። ብርዱ ፊት ይልጣል፤ ሌሊት የጣለው ውርጭ ጥላ ያለበት ቦታ እስከ ረፋድ ነጭ ሆኖ ውሏል። ጉብታው ላይ ስደርስ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዐይኔን ጨፈንኩ፣ ቀስ ብዬ ተነፈስኩ፣ ሲስተሯ እንዳለችው። ትንሽ ቀለለኝ። እውነት ቀለለኝ!

እዚያ ጉብታ ላይ ስልክ ይይዛል፤ ከታች ቤታችን እየመጣ የሚጠፋ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ለመደወል እዚያ ይወጣል። እኔም ወጥቼ ዝም አልልም፣ የጌታሁንን ቁጥር ሞከርኩ። ያቺ የተቀዳች ሴትዮ መለሰችልኝ። ድምፅዋን ከባሌ ድምፅ በላይ ለመድኩት።

ስመለስ እማማ በር ላይ ቆመዋል።

"ማንን አነጋገርሽ?"

"ማንንም። በእግሬ ልንቀሳቀስ ነው የወጣሁት፤ ሐኪም አዞኝ።"

"ሐኪም መድኃኒት ያዛል እንጂ መንገድ ያዛል እንዴ?"

ቤዛ ከውስጥ ሳቀች፤ እማማ አልሳቁም። ዛሬም ምንም አልበሉም። ከጧት የቀመሱት ፀበል ብቻ ነው። እንዝርታቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈው የበግ ጠጉር ሲፈትሉ ዋሉ። እንዝርቱ ሲሽከረከር እሳቸው እኔን ያያሉ።

አርብ፣ ኅዳር 26

ጭንቅላቴን ሰቅዞ ይዞኛል። ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ጭንቀት ያከሳል ወይስ ያወፍራል?" አለች። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ከተማው ትንሽ ነው። "ሁለቱንም ያደርጋል" አልኩ። "አንዳንዱ ሰው ሲጨነቅ ጉሮሮው ይዘጋል፤ አንዳንዱ ሲጨነቅ ይበላል፤ ሳይበላም የሚወፍር አለ።" ልጅቷ ጻፈችው። ለፈተና እንደሚመጣ መስሏት ይሆናል።

ቤዛ ስትነግረኝ፣ እማማ እኔ ስወጣ ስልኬን ሲያገላብጡ አይታቸዋለች። ማንበብ አይችሉም። ግን እያገላበጡ አዩት፣ ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፣ መልሰው አስቀመጡት። ዛሬ ረስቼው ነበር የሄድኩት፤ ስልክ ሳልይዝ ጉብታ ላይ ወጥቼ እንደ ጅል ተቀመጥኩ።

ጓዳ ገብቼ ስተነፍስም ደርሰውብኛል። ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል መሰለኝ፣ ትንፋሼን ስቆጥር። "ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አሉ።

ድል፦ ሻይ በአንድ ማንኪያ ስኳር። ድል ከተባለ።

የሆነ ነገር እያሰቡ ነው። ደፍረው አይናገሩም። ሌላ ሰው ይዣለሁ ብለው ይሆን? እንዲህ ካሰቡ አንድ ጣሪያ ሥር አንውልም፤ እንኳን የባሌ እናት የኔም ብትሆን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ሌላ ሰው አይደለም። ምነው እሱን በሆነ።

ዛሬ መድኃኔ ዓለም ነው፤ እማማ ቅዳሴ ቆይተው መጡ። ምስር እየለቀምኩ ነበር። ቤዛን ወደ ሙሉ ቤት ላኳትና በሩን ዘጉ። "ተቀመጪ" አሉኝ፤ ተቀምጫለሁ።

"የት እንዳለ አልጠይቅሽም" አሉ። "ከማን ጋር እንዳለም አልጠይቅሽም። ለእናት አይነገርም፣ አፏ አይቋጥርም ብላችሁ ከሆነ ልክ ናችሁ። እኔ ከሰማሁ ጓሳ ድረስ ይሰማል። ብቻ አንድ ነገር ንገሪኝ።"

"እማማ..."

"ቆይ። ባሏ የጠፋባት ሴት አትወፍርም። የኔ ባል ዘምቶ የቀረ ጊዜ አጥንቴ ወጥቶ ነበር፤ አገር ያውቀዋል። አንቺ ልጄን ትወጂዋለሽ፣ እሱን አልጠራጠርም። የምትወጂው ሰው ጠፍቶብሽ እንዲህ ሆነሽ አትገኚም። በየቀኑ ጉብታው ላይ ትወጫለሽ። ለብቻሽ ታወሪያለሽ። ስለዚህ አለ። ልጄ አለ፤ ወሬው ደርሶሻል። አለ አይደል?"

ጉልበቴን ያዙ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት፣ ምስሩ መሬት ላይ ፈሶ፣ ተንበርክከው ጉልበቴን ያዙ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። እማማ፣ ያወፈረኝ ጭንቀት ነው። ይኸው ነው፣ ሦስት ቃል። ግን ይህን ካልኩ ምን ይቀራቸዋል? ልጃቸው በሕይወት ለመኖሩ ያላቸው ማስረጃ ይህ ሆዴ ብቻ ነው። ሌላ ምንም የላቸውም። እኔም የለኝም።

ዝም አልኩ።

ፊቴን ትኩር ብለው አዩ፤ ከዚያ ቀና አሉና አማተቡ። "በቃኝ። አትንገሪኝ፤ በቃኝ። ተመስገን!"

ከዚያ ምሳ አለ ወይ አሉ። ከመጡ ጀምሮ እህል ያልቀመሱት ሴት ምስር በሁለት እንጀራ በሉ። ቤዛ ስትመለስ አፏን ከፍታ ቀረች። እማማ አንገቷን አቅፈው ሳሟት። እኔን ደግሞ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ብዪ ልጄ፣ ብዪ" አሉኝ።

አልዋሸሁም። አንዲት ቃል አልወጣኝም። እንዲህ እያልኩ ነው ከቀትር ጀምሮ ራሴን የምከራከረው።

እሑድ፣ ኅዳር 28

ግራ ገባኝ። ብከሳ ሐዘን ገብቷት ነው ይላሉ፤ ልጃቸው ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ መወፈር አለብኝ! ሲስተሯ ታከሳኛለች፣ እማማ ያወፍሩኛል። ጧት ዳቦ፣ ምሳ ላይ እንጀራ በእንጀራ፣ ከሰዓት በሶ። ያ የጌታሁን በሶ ተበጠበጠ። "እሱ ሲመጣ ሌላ አዘጋጃለሁ" አሉ እየሳቁ። ጥርሳቸውን ሳየው ከዓመት በኋላ የሳቁ መሰለኝ።

እማማ ሌሊቱን ተኝተዋል። እኔ አልተኛሁም።

አመሻሽ ላይ ከጉብታው ስመለስ የባሰ ጠበቀኝ። አቶ ሰይድ መጥቶ ሄዷል። ዕቃውን ጌታሁን የጫነለት ነጋዴ፣ ከቆላ መጥቶ እዚህ ሱቅ የከፈተ፣ ደግ ሰው ነው። ታናሽ ወንድሙ ረዳት ሆኖ ከጌታሁን ጋር ነው የወረደው። በየሳምንቱ እየመጣ "ሰማሽ?" ይለኛል፣ "አልሰማሁም" እለዋለሁ፣ ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን እንለያያለን። ዛሬ እኔን አላገኘኝም። እማማን አገኘ።

"ነገርኩት" አሉ እማማ። "አጎንብሶ ሲያሳዝነኝ ጊዜ። አይዞህ፣ ምራቴ ወሬ አላት፣ ደህና ናቸው አልኩት። ሰውየው አለቀሰ! ለእናቱ ልንገር ብሎ እየሮጠ ሄደ።"

ቁጭ አልኩ።

"ምነው? መንገር አልነበረብኝም?" አሉ። "አፌ አይቋጥርም ብዬሽ ነበር እኮ።"

ሙሉ ደግሞ በአጥር በኩል "እንኳን ደስ አለሽ!" አለችኝ። አንድ ዝምታ ስንት ቤት ገባ። የእኔን ሆድ ይዤ እቀመጣለሁ ብዬ ነበር፤ የሌላ እናት ተስፋ ግን ልሸከም አልችልም።

ሰኞ፣ ኅዳር 29

ትምህርት እንደጨረስኩ ቀጥታ ወደ አቶ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ዛሬ መራመዱም መተንፈሱም ቀረ።

ገና ሲያየኝ ከባንኮኒው ወጥቶ መጣ። "መምህርት፣ እህቴ፣ አላህ ያክብርሽ! እናቴ ትናንት ጎረቤት ሁሉ ጠርታ ዱዓ አስደርጋ..."

"አቶ ሰይድ፣ ወሬ የለኝም።"

አልገባውም። ደገምኩት። እማማ ከውፍረቴ ተነስተው የገመቱት እንደሆነ፣ ጠየቁኝ ዝም እንዳልኩ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ደንበኛ ገብቶ ስኳር ጠየቀ፤ የሚመልስለት አጣና ወጣ።

"ዝም ማለት እኮ አዎ ማለት ነው" አለ በመጨረሻ።

"አውቃለሁ።"

"እናቴን ምን ልበላት?"

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሱቁን እያየ እንዲህ አለ፦ "ለእሷ ዛሬ አልነግራትም። ነገ ጧት በአዲስ አበባ በኩል ዞሬ ራሴ እወርዳለሁ። እስከምደርስበት ድረስ። ወሬ ጠባቂ ሆኜ ተቀምጬ ነው እንጂ ይህን ያኔ ማድረግ ነበረብኝ።" አትሂድ ልለው አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። ይህም ሌላ ጭንቀት ሆነብኝ፤ አንድ ሰው ጠፍቶ ሌላ ሰው ልልክ ነው።

ከዚያ ቤት። እማማ ይፈትላሉ።

"እማማ፣ ወሬ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም።"

እንዝርቱ ቆመ። "ታዲያ ይህ ምንድን ነው?" ሆዴን በእንዝርቱ ጫፍ ጠቆሙኝ።

"ጭንቀት ነው።"

"ጭንቀት ያከሳል።"

"እርስዎን ያከሳል። እኔን ያወፍራል። ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ የተቀመጠች ዕጢ አለች፤ ሰው ሲጨነቅ..."

"ስንት በግ ሲታረድ አይቻለሁ። ኩላሊት ላይ ያለው ጮማ ነው። ቆብ አላየሁም።"

"ጮማው ውስጥ ናት፣ እማማ። ትንሽ ናት።"

እንደ ተማሪ ነው ያስረዳኋቸው። ስለ ስኳሩ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ደም ግፊቴ፣ ስለ ጉብታው፣ ከንፈሬ ለምን እንደሚንቀሳቀስ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

"ታዲያ እኔን ለምን አላወፈረችኝም? የኔ ጭንቀት ከአንቺ ያንሳል?"

"አያንስም። ከሰው ሰው ይለያያል እንጂ።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ራት ስናቀርብ አልዞሩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

አልበሉም። አይናገሩም። ጧት ዕቃቸውን መቋጠር ጀምረዋል፤ ነገ እሄዳለሁ ያሉት ለቤዛ ነው። አቶ ሰይድ ማለዳ መሄዱን ሰማሁ።

ክፍል ገብቼ ያስተማርኩት ምን እንደሆነ አላውቅም።

ልጽፈው የማፍርበት ነገር አለ፣ ግን ልጻፈው። ተናድጃለሁ፤ በእማማ። ስላላመኑኝ አይደለም። ቀናሁባቸው። በክሳታቸው ቀናሁ! በመንገድ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ይቆማል፣ "አይዞዎት እናቴ" ይላል፣ ሴቶቹ ከንፈር ይመጥጣሉ፣ ቄሱ እጃቸውን ይዘው ያስቀምጧቸዋል። የእሳቸው ጭንቀት ይታያል። የኔን ጭንቀት ያየ ሁሉ "ጨረቃ መሰልሽ" ይለኛል። እኔም ባሌ ነው። እኔም በየቀኑ እዚያ ቁልቁለት ላይ አብሬው እወርዳለሁ፣ ፍሬን እረግጣለሁ። ማን አየልኝ?

ጉብታው ላይ ወጣሁ። አልደወልኩም። ተነፈስኩ፣ ወረድኩ።

ራት፦ ግማሽ እንጀራ። ለመክሳት ብዬ አይደለም፤ አልወርድ አለኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1

እማማ ጓዛቸውን ይዘው በር ላይ ነበሩ። ሙሉ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ልትሰናበታቸው መጣች፤ እንደሚሄዱ ሰምታለች፣ ወሬ እንደሌለም ሰምታለች። እማማን ስታይ ነጠላዋን ዐይኗ ላይ አደረገች። "ወይኔ እናቴ፣ እንዴት ከሱ! እግዜር ያበርታዎ፣ አይዞዎት" እያለች ሳመቻቸው፣ አለቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ጉንጬን መታ መታ አደረገችና ፈገግ አለች፤ "አንቺስ ጠንካራ ነሽ፣ ምንም አልሆንሽም፣ እንኳን ደህና ሆንሽ" አለችኝና ሄደች።

እማማ አልተንቀሳቀሱም። ሙሉ የወጣችበትን በር ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ ደግሞ በሩን ያያሉ። ሚኒባሱ እንዳያመልጥዎ ልላቸው ነበር።

"ይህች ልጅ ለኔ አለቀሰች" አሉ።

"አዎ፣ እማማ።"

"መንደሩ ሁሉ አልቅሶልኛል። ከስቼ ሲያዩኝ ያለቅሳሉ። እዚህም መንገድ ላይ የማያውቁኝ ያለቅሱልኛል።" ጓዛቸውን መሬት አስቀመጡ። "ላንቺ ማን አለቀሰ?"

"ማንም" አልኩ።

"ማንም" አሉ እሳቸውም። "እኔም መጥቼ ሆድሽን አየሁት እንጂ አንቺን አላየሁሽም። ነይ።"

ደረታቸው ላይ ያዙኝ። አጥንታቸው ይወጋል። "ለጌታሁን አላለቅስም፣ ሰው በቁሙ አይለቀስለትም" አሉ። "ይህ ላንቺ ነው።" ከዚያ በመንዝ ሴት ድምፅ፣ እየቆጠሩ፣ ስሜን እየጠሩ አለቀሱልኝ። ልጄን፣ ብቻዋን የተሸከመችውን፣ ማንም ያላያትን፣ እያሉ። ጌታሁን ከሄደ ጀምሮ ሰው ፊት አላለቀስኩም ነበር። እንዲህ ያለ ልቅሶ ውስጤ እንዳለ አላውቅም ነበር። ቤዛ ደብተሯን ጥላ መጥታ መሃላችን ገባች፤ ሦስታችንም በር ላይ ሆነን ጎረቤት እስኪሰማ አለቀስን።

ሚኒባሱ ሄደ። ትምህርት ቤትም ረፈደብኝ፤ አሞኛል ብዬ ላክሁ። ውሸት አይመስለኝም።

ከሰዓት እማማ ያንን ጉብታ እስቲ ልየው ብለው አብረውኝ ወጡ። እየቆሙ፣ እያረፉ፣ ዳገቱን እየረገሙ። ደርሰው ቁልቁል ብዙ አዩ።

ከአቶ ሰይድ ምንም ወሬ የለም። እስከ የት እንደደረሰ አላውቅም፤ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ አላውቅም። ለእሱም እፈራለሁ። እማማ እዚሁ ናቸው። ከጎኔ ተኝተው ያንኮራፋሉ፣ እግራቸው በረዶ ነው፣ ብርድ ልብሱን ወደ እሳቸው ስበውታል። ልተኛ ነው።